ጥቁር ቱታ ለብሼ ኢተያ የሄድኩ ዕለት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብስክሌት የመንዳት ፍላጎት ኖሮኝ አያውቅም። በልጅነቴ ደብረ ብርሃን በጎረቤት ብስክሌት ተለማምጃለሁ፣ ሁለቴ ወድቄ ጉልበቴን ተልጬ በቃኝ ብያለሁ። ነርስ ነኝ። አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚሁ አግብቼ እዚሁ ወልጃለሁ። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። እንዲህ የምትውል ሴት ሥራ ስትጨርስ የሚያምራት እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ መቀመጥ ነው እንጂ ፔዳል መርገጥ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ገባሁበት? ከስብሰባ ቀርቼ! መቼም በእኛ አገር ከስብሰባ የቀረ ሰው ተመርጦ ነው የሚገኘው። የሆስፒታላችን ሠራተኞች ለአስታማሚዎች ማረፊያ ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከአሰላ በአዳማ ዞረን እስከ ሀዋሳ በብስክሌት እንጓዝ ብለው ሲወስኑ እኔ ልጄን አሞት ቤት ነበርኩ። በማግስቱ የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትሮናችን ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

"ሲስተር ጽጌ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የሴቶቹ ተወካይ ሆነሻል።"

"የምን ተወካይ?"

"የብስክሌቱ ነዋ!"

"ኧረ ሜትሮን፣ እኔ እኮ..."

"ማንም አልተቃወመም" ብላኝ ሄደች። ማን ይቃወም? የምቃወመው እኔ፣ እኔ ደግሞ አልነበርኩም!

ዓላማው ደግ መሆኑን አልክድም። አስታማሚዎቻችን በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ነው የሚያድሩት። ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት የላቸውም፤ ከበሽተኛው አልጋ ሥር ይወሽቁታል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ለቅሶው በእኔ ላይ ነው። ስልክ የሚሰኩበትም የለም። ስልክ ለመሰካት ብለው የኦክስጅን ማሽን ሲነቅሉ ደርሼባቸው ስንቱን ተጣልቻለሁ። ስለዚህ እያጉረመረምኩም ቢሆን እሺ አልኩ።

ልምምዱ ሥራ ከመግባቴ በፊት በማለዳ ነበር። የጭላሎ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ብርዱስ ይሁን፤ ሰዉ ነው ያስመረረኝ። አሰላ የሯጭ አገር ነው፣ ብትሮጡ ማንም ዞሮ አያያችሁም። ባለትዳር ሴት ብስክሌት ላይ ስትወጣ ግን ከተማው በሙሉ ጉዳዩ ያደርገዋል። "ሲስተር፣ ባልሽ መኪናውን ሸጠው እንዴ?" ይሉኛል። መኪና መቼ ኖሮን ያውቃል! የአይሱዙ ሾፌሮች ደግሞ ዳገት ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና "ነይ ውጪ፣ ብስክሌቱንም እንጫነው" ብለው ይለምኑኛል። አይ ልምምድ ላይ ነኝ ስል "በሞቴ!" ይሉኛል። አልበላም ላለ ሰው "በሞቴ" ሲባል አውቃለሁ፣ ዳገት ላይ ሲባል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንቢ ስል ይቀየሙኛል። ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉ የሸኙኝም አሉ።

ልብሴም የባሰ ነበር። ባሌ ታደሰ "ጥቁር ሙቀት ይይዛል፣ ቆሻሻም አያሳይም" ብሎ ጥቁር ቱታውን ሰጠኝ። ጆሮዬን ብርድ እንዳይመታው ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። ጓንቴም ጥቁር ነበር። ልብ በሉልኝ።

አንድ አርብ ክፍላችን ግርማ የሚባል ወጣት ተኝቷል። ቤታቸው ኢተያ ሊገባ ሲል አስፋልቱ ዳር ነው። ስንዴ የጫነ የትራክተር ተጎታች ተገልብጦበት የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ቁስሉ መመርቀዝ ጀምሯል። የአጥንት ሐኪማችን ከሌላ ከተማ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በስልክ ተጠይቆ ቁርጡን ነገረን። "ነገ ካልሠራሁለት እግሩን እናጣዋለን፣ ከቆየ ራሱን ልጁን እናጣዋለን። ደም ሳይዘጋጅ ግን ቢላዋ አላነሳም።" ደም ባንክ ለግርማ የሚሆን ደም አልነበረም። ያለው ተስፋ ቤተሰቡ በጠዋት መጥቶ እንዲሰጥ ነው፤ ደሙ ተመርምሮ እስኪዘጋጅ ጊዜ ይፈጃል። አስታማሚዋ እህቱ አበራሽ አጎቷ ጋሽ ቱፋ ጋ ደወለች። "አራት ጎረምሳ ይዤ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ" አላት። ወዲያው ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

ልወጣ ስል አበራሽ ተከትላኝ መጣች።

"ሲስተር፣ ነገ በእኛ ሰፈር በኩል ነው አሉ የምትነጂው?"

"አዎ፣ ቅዳሜ ረፍት ነኝ። ኢተያ ደርሼ እመለሳለሁ።"

"እናቴ እኮ ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አንቺ በዓይንሽ ያየሽው ሰው ነሽ፣ ደህና ነው ብትያት ልቧ ይረጋል። ደግሞ..." ብላ ከአልጋው ሥር የግርማን ቡናማ የቆዳ ጃኬት አወጣች። "ይሄን አድርሺልኝ። በመጀመሪያ ምርቱ የገዛው ነው። እዚህ ከተሰረቀ ከእግሩ ይልቅ የሚያለቅሰው ለሱ ነው።"

እኔም ተቀበልኳት። እስቲ አሁን የሰው ጃኬት ማድረስ ምን ክፋት አለው?

ቅዳሜ ጠዋት ጃኬቱን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ አስሬ ወጣሁ። ወደ ኢተያ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ነበር። ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። የሚገርመው የዚያን ዕለት ማንም አላስቆመኝም። አይሱዙዎቹ ፍጥነታቸውን ቀንሰው አለፉኝ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ከመንገዱ ዳር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉልኝ። ጎሽ፣ አሁን ገና ሰው ስፖርት ማክበር ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

እነ ግርማ ደጅ ስደርስ ሰዎቹ አስፋልት ዳር መኪና እየጠበቁ አገኘኋቸው። አጎቱ ጋሽ ቱፋ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል። አራቱ ጎረምሶች ከኋላቸው ናቸው። እናትየዋ እማማ ዘነቡ ለበሽተኛ የሚላክ ምግብ በፎጣ ቋጥረው ይዘዋል። ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ስለሚል መናገር አቃተኝ። ሻሼን ፈትቼ እንባዬን ጠረግሁ። ከዚያ እማማ ዘነቡን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣

"የግርማ እናት... እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ ልጄ።"

"ብርድ ነው እማማ። እስቲ ወደ ቤት እንግባና ቁጭ ብለን እናውራ።"

የሴትየዋ ዓይን ከእኔ ወደ ብስክሌቱ ሄደ። ጃኬቱን አዩ። የምግቡ ቋጠሮ ከእጃቸው ወደቀ።

"ዱኤ?" አሉ በኦሮምኛ። ሞተ ወይ ማለታቸው ነው።

"ኧረ አልሞተም! ደህና ነው!"

"ወይኔ ልጄን!" አሉና መሬት ላይ ተዘረጉ።

ሮጬ ላነሳቸው ስል ጋሽ ቱፋ ክንዴን ያዙኝ። እንባቸው መውረድ ጀምሯል፣ ድምፃቸው ግን የተረጋጋ ነበር።

"ልጄ፣ አትልፊ። መቼ አረፈ?"

"ጋሽ ቱፋ፣ ይስሙኝ። ግርማ በሕይወት አለ። ደህና ነው፣ ትንሽ አሞታል እንጂ..."

"ትንሽ አሞታል" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔን ነው? በዚህ አገር መርዶ የማረዳው እኔ ነኝ። አባቴም ሲያረዳ ነበር። በማለዳ ትሄጂያለሽ። 'ቤት እንግባ' ትያለሽ። 'ትንሽ አሞታል' ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ 'ጠንቶበታል'፣ ከዚያ 'ጸልዩለት'። በደንብ ነው የተማርሽው፣ ልጄ። የሟች ልብስ ግን መጀመሪያ አይታይም፣ እሱ ላይ ተሳስተሻል።"

እንዴት አድርጌ እንደተናደድኩ አልነግራችሁም! ለካ አንድም ሳይቀር ሥርዓቱን ጠብቄ ነው የመጣሁት። በማለዳ፣ በጥቁር ልብስ፣ በእንባ፣ በሟች ጃኬት! አሁን ደግሞ "አልሞተም" ባልኩ ቁጥር ይበልጥ እየገደልኩት ሄድኩ።

ስልኬን አውጥቼ አበራሽ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ተረኛ ለሆነችው ባልደረባዬ ደወልኩላት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁሉም እንዲሰማ አቀረብኩት።

"ግርማ እንዴት ነው? ለቤተሰቡ ንገሪልኝ!"

"ደህና ነው፣ ምንም አይል" አለች።

ጋሽ ቱፋ በሐዘን ፈገግ አሉ። "ተመካክራችኋል። እኔም ከመሄዴ በፊት በስልክ ደህና ነው የሚል ሰው አዘጋጃለሁ።"

"እሺ ስልኩን ለራሱ ለግርማ ስጪውና ያናግራቸው!" አልኩ እየጮህኩ።

"አሁንማ ማናገር አይችልም፣ ማስታገሻ ተወግቶ..."

የቀረውን ማን ሰማት! "ማናገር አይችልም" ሲባል እሪታው መንደሩን አደበላለቀው። ከየቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። በዚህ መሐል የሚጠበቀው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። "ኧረ ተሳፈሩ! በጌታ ተሳፈሩ!" ብዬ በሩን ያዝኩ። ሾፌሩ ለቅሶውን አይቶ ሞተሩን አጠፋ፣ ወርዶ ጋሽ ቱፋን "ያጽናችሁ" አላቸው፣ ከዚያ ባዶ ቦታውን እንደያዘ ሄደ። ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍጥነት ብታዩ! እኒህ ሰዎች ደም የሚሰጥ አራት ሰው ለማግኘት ሲለምኑ ነው ያመሹት። ለለቅሶ ግን መንደሩ በአንድ አፍታ ተሰበሰበ። የእድሩ ድንኳን በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ወንበር ወረደ። አንዷ ሴት ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ "አይዞሽ፣ ያንቺም ሥራ ከባድ ነው" እያለች በግድ አስቀመጠችኝ። ሌላዋ "ንፍሮ ተጥዷል" ብላ አለፈች። እኔ እነሳለሁ፣ እነሱ ያስቀምጡኛል። ደህና ነው እላለሁ፣ እነሱ ያለቅሳሉ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሐኪሙ አሰላ ገብቷል። ሳይሠራለት ከተመለሰ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው፣ ያ እግር ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም።

ያኔ ዞር ስል አራቱን ጎረምሶች አየኋቸው። አካፋና ዶማ ተሸክመው ወደ መቃብር ሥፍራው ጉዞ ጀምረዋል።

በቃ፣ ከዚህ በኋላ ራሴን አላውቅም። ግርማን የሚያድነው ደም በእግሩ ሄዶ ለግርማ ጉድጓድ ሊቆፍር! ነጠላውን ወርውሬ ወንበር ላይ ወጣሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አመለጠኝ።

"ስሙኝ! ይሄ የምታለቅሱለት ልጃችሁ ማን መሰላችሁ? ትናንት መርፌ ባሳየሁት ቁጥር 'እናቴን ጥሩልኝ' እያለ ክፍሉን ያመሰ ፈሪ ነው! ሾርባ ሳቀርብለት ጨው አነሰው ብሎ የገፋ ነጭናጫ! የጎኑን በሽተኛ አንኮራፋህ ብሎ የተጣላ ግትር! ቀና በል፣ ትራስህን ላስተካክል ስለው 'ቆይ ሲስተር፣ ኋላ' የሚል ሰነፍ! ሰነፍ ነው ልጃችሁ! ሰለቸኝ!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዲት አሮጊት "በጌታ ስም፣ ሙት ወቃሽ!" ሲሉ ሰማሁ። አሁን ይወግሩኛል ብዬ አሰብኩ።

እማማ ዘነቡ ከመሬት ቀና አሉ። ፊታቸው አፈር ነው።

"ማንን ነው ሰነፍ ያልሽው?"

"ግርማን!"

"የኔን ግርማ? ያን ሁሉ ማሳ ብቻውን የሚያጭደውን?"

"ማጨዱን ይጨድ! መርፌ ግን ይፈራል!"

ሴትየዋ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ቀስ ብለው፣ "መርፌስ... ይፈራል" አሉ። "ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈራል።"

ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ተጠጉ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ዝም በሉ! እኔ እስከ ዛሬ መርዶ ሳረዳ ሟቹን የሰደበ ሰው አላየሁም። ሌባው እንኳ ሲሞት ደግ ነበር ነው የሚባለው። ሰካራሙም ጨዋታ አዋቂ ነበር ይባላል። ይቺ ልጅ ግን ተናዳበታለች። በሞተ ሰው እንዲህ አይናደዱም።" ድምፃቸው ተሰበረ። "ግርማ ሕያው ነው! ልጆቹን ከመቃብር መልሷቸው!"

እልል ያለችውን አላወቅኋትም። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ይኼኔ ደግሞ የእድሩ ሊቀመንበር ብድግ ብለው አይሱዙው የወጣው ለቀብር ስለሆነ ለሌላ ጉዳይ መሄዱ ከደንቡ ጋር እንዴት ይታያል ብለው ጠየቁ። እግዚኦ! ጋሽ ቱፋ መልስ ሳይሰጡ ገቢና ገቡ። ጎረምሶቹ ከነዶማቸው ዘለው መጫኛው ላይ ወጡ፣ ብስክሌቴም ተጫነ። እኔና እማማ ዘነቡ ግማሽ በተራገፈው የድንኳን ሸራ ላይ ተቀምጠን አሰላ ድረስ ወጣን። ዳገቱን በሙሉ እጄን እንደያዙ ነበሩ። ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ሾርባውን እውነት ገፋው?"

"ገፋው፣ እማማ።"

"ጨው አነሰው አለ?"

"አዎ።"

"ተመስገን" ይላሉ።

ጎረምሶቹን በቀጥታ ደም መስጫ አስገባኋቸው። እማማ ዘነቡን ወደ ክፍሉ ወሰድኳቸው። ግርማ ነቅቷል፤ እናቱን ሲያይ "እማ፣ ምነው ዓይንሽ አብጧል?" አላቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩት። "አንተ ሰነፍ!" አሉትና ደረቱ ላይ ወደቁ። እኔ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። አበራሽ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ደሙ ደረሰ። ሐኪሙ ሲሠራ እኔና ጋሽ ቱፋ በረንዳው ላይ፣ አስታማሚዎች በሚተኙበት ካርቶን ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

"መርዶ ስናገር ሰው ሁሉ እግሬ ላይ ይወድቃል። ጋሽ ቱፋ፣ ውሸት ነው በሉኝ ይለኛል። እናቶች ጉልበቴን ይዘው ይለምኑኛል። አንድ ቀን እንኳ ውሸት ሆኖልኝ አያውቅም።" ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዟዟሩት። "ዛሬ ውሸት ሆነልኝ።"

ካርቶኑ ላይ ይበልጥ ጠጋ አልኳቸው። ከቆይታ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ እግሩ ተርፏል አለን።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የማጫውታችሁ እንድትስቁ ብቻ አይደለም። ከዚያን ዕለት በፊት ለበሽተኛ ቤተሰብ ስደውል "ደህና ነው" ብዬ እዘጋ ነበር። ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ደህና ነው ካልኩ ምን ይጨመራል እል ነበር። ለካ በእኛ አገር ይህ ቃል ለመርዶ መሸፈኛ ብዙ ጊዜ ስለዋለ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። አሁን "ደህና ነው" አልልም። "ቁርሱን ትቶ የጎረቤቱን ዳቦ በላ" እላለሁ። "ሬዲዮ ቀንሱልኝ ብሎ ተነጫነጨ" እላለሁ። በስልኩ ወዲያ ማዶ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። እናንተም ሩቅ ላለ ሰው ስለ ታመመ ዘመዱ ስትነግሩት ቁጣውንና ምርጫውን ንገሩት። በሕይወት ያለ ሰው ያስቸግራል፣ ያስመርራል። እኔ ራሴ ስንቱን በሽተኛ ረግሜያለሁ፤ አሁን ሲያማርሩኝ እየተቆጣሁም ቢሆን ደስ ይለኛል።

የማረፊያ ቤቱ ነገር ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ያንገበግበኝ ጀመር። የአበራሽ ስልክ የሚሰካበት ቢኖር፣ ጃኬቱም የሚቀመጥበት ቢኖር ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ስለዚህ በዳገቱ ማጉረምረሜን ሳልተው ልምምዴን አጠነከርኩ። ለታደሰም ጥቁር ቱታውን መለስኩለት።

የጉዞው ዕለት ከባልደረቦቼ ጋር ቁልቁል ወርደን ኢተያ ልንገባ ስንል ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ቆሟል። እማማ ዘነቡ የሰጡኝን ቢጫ ሻሽ አስሬ ነበር፣ "ጥቁር አስረሽ በደጄ እንዳታልፊ" ብለው የላኩልኝን። ግርማ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ በክራንች ቆሟል። ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ ደክሞኝ ከሁሉ ኋላ ቀርቻለሁ። መጀመሪያ የጮሁት እማማ ዘነቡ ናቸው።

"አንቺ ሰነፍ! ንጂ!"

ከዚያ ግርማ፣ ከዚያ ጋሽ ቱፋ፣ ከዚያ ያ ለለቅሶ የተሰበሰበ መንደር በሙሉ ተቀበላቸው። "ሰነፍ! ሰነፍ! ሰነፍ!"

ባልደረቦቼ ደንግጠው ዞሩ። "ሲስተር፣ ምን አድርገሻቸው ነው እንዲህ የሚሰድቡሽ?" አለኝ አንዱ።

"ደህና ናቸው" አልኩትና ፔዳሌን ረገጥኩ።